ኮታሙ የት ሄደ?

ገዳዩን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ እኔ ነኝ።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የስትሪሚንግ ድርጅት ስሠራ፣ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር። በዳታቤዙ ውስጥ እያንዳንዱ ፊልም ሁለት ቀኖች አሉት፤ ፈቃዱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት። ሁለተኛው ቀን ሲደርስ፣ ሌሊት ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትነሳና የፊልሙን ምልክት ከ«ይታያል» ወደ «አይታይም» ትቀይራለች። ያቺን ፕሮግራም የጻፍኳት እኔ ነኝ። አርባ መስመር አትሞላም። ፊልሙ ራሱ አይጠፋም፤ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው። የሚጠፋው ወደሱ የሚወስደው መንገድ ነው። ጠዋት አንድ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ትናንት ማታ ግማሽ ያደረሰውን ፊልም ይፈልጋል፤ የለም። እኔ ደግሞ ቡናዬን እየጠጣሁ ሎጉን አያለሁ፦ ስህተት 0። ያኔ ምንም አልተሰማኝም። እውነቱን ለመናገር ሥራው በሰዓቱ ስላለቀ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኮሎምቦን ያየ ሰው እንዲህ ያለውን አጀማመር ያውቀዋል። ላላያችሁት፣ ኮሎምቦ በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ውስጥ የግድያ መርማሪ ነው፤ የሚጫወተው ፒተር ፎልክ። የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት (የተዋናዩ የራሱ ነበር)፣ ከእጁ የማይለይ ሲጋር፣ ልትበታተን የደረሰች ፔጆ 403፣ ሁልጊዜ የሚያወራላት ግን እኛ አንድም ቀን የማናያት ሚስት። ፊልሙ የሚጀምረው በግድያው ነው። ማን ገደለ፣ እንዴት ገደለ፣ ለምን ገደለ የሚለውን እሱ ብቅ ከማለቱ በፊት እናውቃለን። የሚቀረን «እንዴት ይያዝ ይሆን?» የሚለው ብቻ ነው። የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ የሚባሉ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው፤ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ያነበበ ሰው ፖርፊሪ የሚባለውን መርማሪ እዚህ ውስጥ ያገኘዋል። በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በአንድ ፊልም ተሞከረ፣ ከ1971 እስከ 1978 በኤንቢሲ፣ ከ1989 እስከ 2003 ደግሞ በኤቢሲ ታየ። በድምሩ 69 ክፍል።

እኔ ስሙን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። እቴቴ ነው የምላት። አሜሪካ ስመጣ የተቀበለችኝ እሷ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለት ክፍል አፓርታማ። ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው፣ እዚህ አካባቢ ብዙ የሐበሻ እናቶች የሚሠሩት ሥራ። ስድስት ዓመት አብራቸው የቆየች አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ድሮ ከቴሌቪዥን የቀዱትን የቪዲዮ ካሴት ዴኩ ውስጥ ከትተው አብረው ያያሉ። እንግሊዝኛዋን ያሻሻለችው እዚያ ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል ስትናደድም በትህትና «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» ብላ የምትጀምረው። ኮሎምቦን በስሙ አትጠራውም። «ኮታሙ» ነው የምትለው።

«ሲንቁት ደስ ይለኛል» አለችኝ አንድ ቀን።

ግራ ገባኝ።

«ሰው የናቀው ሰው ፊት ሁሉን ያወራል። የሚሰማ አይመስለውም። እኔ ቤታቸው ስሠራ እንደዛው ናቸው።»

ስለዚህ ፊልም ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ትንታኔ አላጋጠመኝም። የኮሎምቦ ገዳዮች ሐኪም፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ የቼዝ ሻምፒዮን፣ ታዋቂ ደራሲ ናቸው። ቤታቸው ሰፊ ነው። እሱን ሲያዩ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ነው የሚመስላቸው። የሚያስይዛቸው ንቀታቸው ነው።

ሽማግሌው ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ ባዶ አደረጉት። ካሴቶቹን ሊጥሏቸው ነበር፤ እቴቴ ለመነቻቸውና አንድ ካርቶን ሙሉ ይዛ መጣች። በእጅ ጽሑፍ ርዕስና ቀን ተለጥፎባቸዋል። መሐላቸው የዚያን ዘመን ማስታወቂያ እንዳለ ነው፤ የመኪና፣ የሳሙና፣ የአየር ሁኔታ። እሷ ዴክ አልነበራትም። እኔ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ12 ዶላር ገዛሁላት። አዲስ ብፈልግ እንኳ አይገኝም፤ ዴክ በመሥራት የመጨረሻው ነው የተባለው የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን ያቆመው በ2016 ነው።

በዚህ ነው ሱሱ የያዘኝ። ከካሴት ወደ ዲቪዲ፣ ከኮሎምቦ ወደ ኮጃክ፣ ከኮጃክ ወደ እንግሊዞቹ። አሁን መደርደሪያዬ ላይ ሦስት ረድፍ አለ።

ኮጃክና ኮሎምቦ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ትልቅ የክስ ታሪክ ይነሳል። በሰባዎቹ ሁለቱም እሁድ ማታ በተለያየ ጣቢያ ይታዩ ነበር። አንዱን ያየ ሌላው ያመልጠዋል። ሶኒ ቤታማክስ የሚባለውን የቤት መቅረጫ ሲያወጣ ማስታወቂያው የያዘው ይህንኑ ነበር፤ ኮሎምቦን ስላያችሁ ኮጃክ አያመልጣችሁም አለ። ሁለቱንም ፊልሞች የሚሠራው ዩኒቨርሳል ግን ማስታወቂያውን ሲያይ ደሙ ፈላ። በ1976 ሶኒን ከሰሰ። ክሱ ሰባት ዓመት ገደማ ተጎትቶ፣ በጥር 1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ለሶኒ ፈረደ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን መቅዳት ሕጋዊ ሆነ። ዛሬ ዓለም ላይ «ሪከርድ» የሚል ቁልፍ ያለው የቴሌቪዥን ዕቃ ሁሉ በሁለት መርማሪዎች ጠብ የተወለደ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ፍርዱን ሳነብ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ዳኞቹ የፈቀዱት ሰው በሰዓቱ ያላየውን ነገር ቀድቶ፣ በሌላ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ አይቶ ይደመስሰዋል በሚል ሐሳብ ላይ ቆመው ነው። ጊዜ ማዛወር። ካሴቶቹን ደርድሮ ቤተ መጻሕፍት ስለሚያቋቁመው ሰው ግን ቁርጥ ያለ ነገር አልተናገሩም። ማለትም ስለ ሽማግሌው። ማለትም ስለ እኔ።

«አንድ ጊዜ» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ከምግብ ይመስለኛል። እንጀራ አንዴ ከተበላ የለም። የወንጀል ታሪክም እንደዛ ነው ይባላል፤ ገዳዩን ካወቅህ በኋላ ምን ቀረህ? ጓደኞቼ መደርደሪያዬን ሲያዩ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። «ያለቀለትን ነገር ለምን ታስቀምጣለህ?» ለብዙ የወንጀል ፊልም ልክ ናቸው፤ አንዳንዱን ሳጥን ዳግም አልከፈትኩትም። ኮሎምቦ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ሚስጥሩን በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ራሱ አውጥቶ ይጥለዋል። የሚያልቅ ነገር ስለሌለው አያልቅም። በ1971 የወጣውንና ገና ወጣት የነበረው ስፒልበርግ ያዘጋጀውን የመጀመሪያውን መደበኛ ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። የደራሲ ጓደኛውን የሚገድለው ጃክ ካሲዲ ፈገግ ሲል ሁልጊዜ እበሳጫለሁ፣ ሁልጊዜም መጨረሻውን አውቃለሁ። ሰው አባቱ ደጋግሞ የሚያወራውን ታሪክ የሚሰማው መጨረሻውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

የሚጠፋ ነገር ደግሞ በእውነት ይጠፋል። ፒተር ኩሺንግ ሼርሎክ ሆልምስን ሆኖ በ1968 ለቢቢሲ 16 ክፍል ሠርቷል፤ ዛሬ ያለው 6 ነው። «ዘ አቬንጀርስ» የሚባለው የእንግሊዝ ተከታታይ በ1961 በግድያ ምርመራ ሲጀምር 26 ክፍል ነበረው፤ በሙሉ የተረፉት ሦስት ናቸው፣ ከመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ቁራጭ። ክፋት አልነበረም። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር፣ ደምስሶ እንደገና መቅዳት ቁጠባ ነበር፣ ቤቱ ወስዶ የሚያይ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንድ ሠራተኛ ዝርዝር ይዞ መጥቶ ቴፑን ማሽን ላይ ጫነ፤ ማታ ቤቱ ሄዶ እራቱን በላ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ። አርባ መስመሬ የእሱ የልጅ ልጅ ናት። ከሦስቱ የአቬንጀርስ ክፍሎች አንዱ ደግሞ በ2016 የተገኘው ከአንድ የግል ሰብሳቢ ዘንድ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሰብሳቢው ጀግና ይሆናል፣ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ጠዋት አጠፋለሁ፣ ማታ አተርፋለሁ፤ ሒሳቡ እኩል ነው። ራሴን የማታልልበት መንገድ ይህ ነበር።

ባለቤትነት ምንድነው የሚለውን ማሰብ የጀመርኩት «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ ኮድ ውስጥ ካየሁት በኋላ ነው። ቁልፉ «ግዛ» ይላል፤ ጀርባው ላይ ያለው ግን ያቺው የቀን ሠንጠረዥ ናት፣ ማብቂያው በጣም ሩቅ ሆኖ የተጻፈባት። ዲስክ ግን ሌላ ነው። በ1908 ያው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ አንድ ልቦለድ ሲፈርድ፣ አሳታሚው መጽሐፉን አንዴ ከሸጠ በኋላ ገዢው በስንት እንደሚሸጠው ሊወስንበት አይችልም አለ። ከዚያ ወዲህ የገዛኸውን መጽሐፍ፣ ቆይቶም ዲስክ፣ መሸጥ፣ መስጠት፣ ማዋስ መብትህ ነው። (መቅዳት ሌላ ጉዳይ ነው። የ1998ቱ የአሜሪካ ሕግ የዲስኩን ቁልፍ መስበር ይከለክላል፣ የራስህ ዲስክም ቢሆን። በ1999 ቁልፉን ከሰበሩት አንዱ የ15 ዓመት የኖርዌይ ልጅ ነበር፤ አገሩ ከሰሰው፣ በ2003 ግን የራሱን ዲስክ ነው የከፈተው ተብሎ ነጻ ወጣ። እኛ ሙያ ውስጥ ይህን ታሪክ የማይወድ የለም።)

ስለዚህ መለኪያዬ ይህ ሆነ፦ ለሰው ልሰጠው የማልችለው ነገር የእኔ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወዲያው አፈረሰብኝ። «ዲግሪህን ለሰው መስጠት ትችላለህ? ታዲያ ያንተ አይደለም?» ልክ ነው። ትዝታዬንም መስጠት አልችልም፣ ቁመቴንም። ግን ታሪክ፣ የሚተረክ ነገር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ነው ታሪክ የሚሆነው። ዲግሪ ማንም ሳይሰማው ዲግሪ ነው። ለማንም የማይደርስ ፊልም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ለታሪክ እንኳ መለኪያዬ የሚሠራ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ሌላ ቃል አለው፤ ባለአደራ። ባለቤት በነገሩ ላይ ያዛል፣ ባለአደራ ነገሩን ተሸክሞ ይቆያል። ብዙ ሰብሳቢ ራሱን የሚያየው እንደ ባለአደራ ነው፤ «ለትውልድ ነው የማስቀምጠው» ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን አደራ ያለ ሰጪ የለም። እቴቴ ካሴቶቹን ስትቀበል ሰጪ ነበራት፤ ስድስት ዓመት አጠገባቸው የተቀመጠች፣ ከእጃቸው ያየችውን ነው የወሰደችው። ለእኔ ማን ሰጠኝ? በኢንተርኔት ገዝቼ በፖስታ ተቀበልኩ። ራሴን ሾምኩ። ትውልድ ደግሞ በር አንኳኩቶ «እስኪ አውሰኝ» አይልም፤ ለዚህ ነው ለትውልድ ማስቀመጥ የሚመቸን።

በሩን ያንኳኳችው እቴቴ ናት።

አዲስ የምትንከባከባቸው ሴትዮ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የመርሳት ሕመም የጀመራቸው። ኮሎምቦን በወጣትነታቸው ያውቁታል። እቴቴ ደውላ አንዲት ዲስክ እንዳውሳት ጠየቀችኝ፤ ሳጥኑን ሙሉ አይደለም፣ «የወይን ጠጁ» ያለባትን ብቻ።

«ማጫወቻ አላቸው?» አልኳት።

«አላቸው እንጂ።»

ያንን ሳጥን ለማግኘት ሰባት ወር ፈልጌያለሁ። አንድ ጭረት የለበትም። ሴትዮዋ ዲስኩን በጣታቸው መሐሉን ሲይዙት ታየኝ፣ ሾርባ ሲፈስበት ታየኝ። «እቴቴ፣ በነጻ የሚያሳይ አፕ አለ እኮ» አልኳት። «ታብሌትሽ ላይ እጭንልሻለሁ፣ ሁሉም ክፍል አለ፣ ዲስክ መቀያየር የለም።» እውነት ነበር። ጫንኩላት። አመሰገነችኝም።

ለሦስት ሳምንት ያህል ጥሩ ነበር። «ገዳዩን ይረሱታል» ትለኝ ነበር፣ «ኮታሙን ግን አይረሱም። ሲመጣ ያጨበጭባሉ።» ያ ዳኞቹ ያሰቡት «አንድ ጊዜ» ለእኚህ ሴትዮ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በየቀኑ ያንኑ ክፍል፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ።

ከዚያ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ኮታሙ የት ሄደ?»

ወዲያው ገባኝ። ብዙ ፈቃድ የሚያበቃው በወር መጨረሻ ነው። የኔ ድርጅት አልነበረም፣ ኮዱም የኔ አልነበረም፤ ግን ሌሊት የሆነውን መስመር በመስመር አውቀው ነበር።

«ፈቃዱ አልቆ ነው» አልኳት።

«የማን ፈቃድ?»

መልስ አልነበረኝም። ከጀርባ ሴትዮዋ ይሰሙኛል፤ የሆነ ነገር እየደጋገሙ ይጠይቃሉ። «ቅዳሜ ዲስኩን አመጣልሻለሁ» አልኩ። ቅዳሜ ግን ሥራ ቦታ አዲስ ቨርዥን የምንለቅበት ቀን ሆነ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሌላ ነገር ተፈጠረ፤ ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም፣ ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል። ይዤ ስሄድ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ወዳለ መጦሪያ ወስደዋቸው ነበር።

ያቺ የወይን ጠጅ ክፍል፣ በ1973 የወጣች፣ ከ69ኙ ምናልባት ምርጧ ናት። ዶናልድ ፕሌዘንስ የወይን ጠጅ ጠማቂና ሰብሳቢ ነው። ግማሽ ወንድሙ እርሻውን ሊሸጥበት ሲል መትቶ ይጥለዋል፣ ከጠርሙሶቹ ጋር ጓዳ ውስጥ ይዘጋበታል፣ አየሩን ያጠፋል፣ ከዚያ ለስብስቡ የሚሆን ጠርሙስ ሊጫረት ኒው ዮርክ ይሄዳል። ሰውዬው ታፍኖ ይሞታል። በእነዚያ ቀናት ግን ከተማው በሙቀት ተቃጥሎ ነበር፤ አየር በሌለው ጓዳ ውስጥ ያለው ወይን ሁሉ ተበላሸ። ኮሎምቦ ከዚያው ጓዳ የወጣ አንድ ጠርሙስ እራት ላይ ያስቀርብለታል። አንድ ጉንጭ ቀምሶ «ይህ በሙቀት ተበላሽቷል» ብሎ የሚጮኸው ራሱ ገዳዩ ነው። ከእሱ በቀር የሚለይ ምላስ አልነበረም። ይህን ክፍል ድሮ ሳይ የማዝነው ለጠርሙሶቹ ነበር። ያን ቀን ማታ ሳየው የሟቹን ወንድም ስም እንኳ እንደማላስታውስ ታወቀኝ። ኮሎምቦ ግን ሰውዬውን አይጠላውም፤ መጨረሻ ላይ መኪናው ውስጥ ጠርሙስ ከፍቶ አብሮት ይጠጣል። ይህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ያኔ ዲስኩን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ ይዤው ልመለስ ስል እቴቴ እጇን ዘረጋች።

«አምጣ። ሌላ ሰው አይጠፋም።»

ሰጠኋት። ሳጥኑ ውስጥ የአንዷ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባዶውን ባየሁ ቁጥር የሚያሳክከኝ ነገር ነበር፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። ሥራዬን ቀይሬያለሁ፤ ምክንያቱ ይህ ነው ብል ውሸት ነው፣ ደመወዙ ተሻለኝ። ያቺ ትንሽ ፕሮግራም እስካሁን ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ይሆናል፤ በደንብ ነው የጻፍኳት።

ባለፈው እሁድ ደውዬ ዲስኳ የት እንደደረሰች ጠየቅኳት። ከአንድ በሽተኛ ቤት ወደ ሌላው፣ ከዚያ የማኅበር ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ፣ አሁን ደግሞ አንድ የቀድሞ አውቶቡስ ሹፌር ጋ ናት።

«ደህና ናት?»

«ትንሽ ተቧጭራለች» አለችኝ። «መሐል ላይ ትዘላለች። እኔ የዘለለውን እነግራቸዋለሁ።»